እየከሰረ ባለ የግል ትምህርት ቤት የርእሰ መምህሩን ክፍያ ማንበብ፣ መመዘንና መወሰን፦ በአሜሪካ ላሉ ወላጆችና የቦርድ አባላት

«በበጀት ጉድለት ምክንያት የመጪው ዓመት የትምህርት ክፍያ 6 በመቶ ይጨምራል፤ የመምህራን ደመወዝም ባለበት ይቆያል።» በሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን በአሌክሳንድሪያ ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ «ርእሰ መምህሩስ?» የሚል ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሰነድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሰነዱን ግን አጣሞ ማንበብ በጣም ቀላል ነው። ይህ መመሪያ ቁጥሩን ፈልጎ ማንበብ ለሚፈልግ ወላጅ፣ እንዲሁም ቦርድ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ቁጥር እንዲወስን ለሚጠበቅበት ሰው የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ዓይነት ይለዩ

ትምህርት ቤቱ ለትርፍ የተቋቋመ ከሆነ የባለቤቱም የርእሰ መምህሩም ክፍያ የግል ጉዳይ ነው፤ የሚታይ ሰነድ የለም። በቤተ ክርስቲያን ሥር ያለ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሆነም ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ገቢያቸውን፣ ወጪያቸውንና የኃላፊዎችን ክፍያ የሚያሳውቁበትን ዓመታዊ ቅጽ 990 ከማስገባት ነፃ ነው። ስለዚህ የአንድ አጥቢያ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ፋይል ጠፍቶብዎት ከሆነ የተደበቀ ነገር አለ ማለት አይደለም። የቀረው ሦስተኛው ዓይነት፣ በ501 ሲ 3 (ከፌዴራል ገቢ ግብር ነፃ በሚያደርገው የሕግ አንቀጽ) የተመዘገበና በራሱ ቦርድ የሚመራ ለትርፍ ያልተቋቋመ ትምህርት ቤት፣ ቅጽ 990ን በየዓመቱ ለአይ አር ኤስ፣ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ያስገባል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ እሱ ነው።

ቅጹን በአይ አር ኤስ የፍለጋ ገጽ ወይም የዜና ድርጅቱ ፕሮፐብሊካ በነፃ በሚያቀርበው «ነንፕሮፊት ኤክስፕሎረር» ላይ ያገኙታል። በስም ሲፈልጉ ካጡት፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ስምና የተመዘገበበት ሕጋዊ ስም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የተሻለው መንገድ ባለ 9 አሃዙን የግብር መለያ ቁጥር መጠቀም ነው፤ ስጦታ ሰጥተው ከሆነ በደረሰኙ ላይ ይፈልጉት። የሦስት ተከታታይ ዓመታት ቅጾች ያውርዱ። በአንድ ዓመት ቅጽ ብቻ ማንንም ማመስገንም መውቀስም አይቻልም።

ትምህርት ቤቱ በእርግጥ እየከሰረ ነው?

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ደመወዙ ገጽ ይሮጣል። ከዚያ በፊት የትምህርት ቤቱን አቅም ማወቅ ያስፈልጋል፤ 300 ሺህ ዶላር በአንዱ ትምህርት ቤት ምንም አይደለም፣ በሌላው ደግሞ የሁለት ሳምንት እስትንፋስ ነው።

ቅጹ ክፍሎቹን የሚጽፈው በሮማውያን ቁጥር ነው። ክፍል 1 መስመር 19 ወጪ ከገቢ ሲቀነስ የቀረውን ያሳያል፤ የዘንድሮውና የዓምናው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ይህ መስመር ግን ያታልላል። አንድ ለጋሽ ለስፖርት አዳራሽ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቢሰጥ ገንዘቡ እዚህ እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ የመምህር ደመወዝ ግን አይከፈልበትም። ስለዚህ ወደ ክፍል 10፣ ወደ ሀብትና ዕዳ መግለጫው፣ ይሻገሩ። መስመር 27 ለጋሽ ገደብ ያላስቀመጠበትን የተጣራ ሀብት፣ መስመር 28 ደግሞ ገደብ ያለበትን ያሳያል። መስመር 27 በሦስት ዓመት ውስጥ በተከታታይ ከወረደ ትምህርት ቤቱ ከራሱ ሥጋ እየበላ ነው።

መስመር 27 ራሱ ሕንፃውን ይጨምራል፤ ሕንፃ ደግሞ በኅዳር ወር ደመወዝ አይከፍልም። ስለዚህ ለእጅ የሚቀርበውን ገንዘብ ለብቻው ያስሉ፦

በክፍል 10 መስመር 1ና 2 ላይ ያለውን ጥሬ ገንዘብና የቁጠባ ሂሳብ ይደምሩ። ከድምሩ መስመር 19ን፣ ማለትም በቅድሚያ የተሰበሰበ ክፍያን፣ ይቀንሱ። ይህን መቀነስ መርሳት ትልቁ ስህተት ነው፤ የበጀት ዓመቱ ጁን 30 ሲዘጋ ወላጆች ለሚቀጥለው ዓመት የከፈሉት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ስለሚሆን የከሰረ ትምህርት ቤት እንኳ ሀብታም ይመስላል። ቀጥሎ በክፍል 9 ከጠቅላላ ወጪው (መስመር 25) የእርጅና ቅናሹን (መስመር 22፤ ሕንፃና ዕቃ ሲያረጅ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቆጠር ወጪ) ያውጡና ለ365 ያካፍሉ፤ የአንድ ቀን ወጪ ይህ ነው። በመጨረሻ ገንዘቡን ለቀኑ ወጪ ያካፍሉ።

በምሳሌ እንየው። ጠቅላላ ወጪ 8,400,000፣ የእርጅና ቅናሽ 600,000፣ ጥሬ ገንዘብና ቁጠባ 2,100,000፣ በቅድሚያ የተሰበሰበ 1,200,000 ዶላር ይሁን። የቀን ወጪው 7,800,000 ለ365 ሲካፈል 21,370 ገደማ ነው። የራሱ የሆነው ገንዘብ 900,000 ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ያለ አዲስ ገቢ የሚቆየው 42 ቀን ነው፤ የጥሬ ገንዘብ ቀናት የምንለው ይህን ነው። ቅድመ ክፍያውን ሳይቀንሱ ቢያሰሉት ኖሮ 98 ቀን ይወጣ ነበር።

የደመወዙ ገጽ፦ ክፍል 7 እና ስኬጁል ጄ

አሁን ክፍል 7ን ይክፈቱ። እዚያ የቦርድ አባላትና የሥራ ኃላፊዎች ክፍያ ይኑራቸውም አይኑራቸው ይዘረዘራሉ፤ ከ100,000 ዶላር በላይ የሚያገኙ አምስት ከፍተኛ ተከፋይ ሠራተኞችም ይገባሉ። ዓምድ ዲ በደብልዩ ቱ (በዓመታዊው የደመወዝ ማስረጃ) ላይ የወጣውን ክፍያ፣ ዓምድ ኢ ከተዛማጅ ድርጅት የተገኘውን፣ ዓምድ ኤፍ ደግሞ እንደ ጡረታ መዋጮና የጤና መድን ያለውን ግምት ይይዛል። ሦስቱን ይደምሩ። ዓምድ ዲን ብቻ አንብቦ «ደመወዛቸው ይህ ነው» ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

ሌላው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የትምህርት ቤቱ ሂሳብ ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ይሄዳል፤ የክፍያው ሰንጠረዥ ግን በዚያ የበጀት ዓመት ውስጥ ያለቀውን የፈረንጆች ዓመት ይከተላል። በጁን 30፣ 2025 የተዘጋው የበጀት ዓመት ቅጽ ላይ የሚወጣው ደመወዝ የ2024 ነው። ቅጹ የሚቀርበው እስከ ኖቬምበር 15 ሲሆን በማራዘሚያ እስከ ሜይ 15 ይገፋል። እንግዲህ በጁላይ 2025 ደመወዝ ተቀንሶ ከሆነ፣ ቅናሹ በ2025 ቁጥር ላይ በግማሹ ብቻ ይታያል፤ ያ ቅጽ ወላጅ እጅ ሲገባ 2026 ማለቂያ ወይም 2027 ሆኗል። «ቀነስን ብለው ዋሹን» ከማለት በፊት ይህን ይቁጠሩ።

የአንድ ሰው ክፍያና ጥቅማጥቅም ተደምሮ ከ150,000 ዶላር ካለፈ ስኬጁል ጄ የተባለው የቅጹ አባሪ ይሞላል፤ ቁም ነገሩም እዚያ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የምልክት ሳጥኖች አሉት፦ የመኖሪያ ቤት ወይም የቤት አበል፣ የአንደኛ ማዕረግ በረራ፣ የክለብ አባልነት፣ የግል አገልጋይ። መስመር 3 ቦርዱ ክፍያውን በምን ዘዴ እንደወሰነ፣ መስመር 4 የስንብት ክፍያ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ሁለተኛው ክፍል ክፍያውን ይበትነዋል፦ መነሻ ደመወዝ፣ ቦነስ፣ ሌላ፣ ለወደፊት የተቀመጠ፣ ታክስ የማይከፈልበት ጥቅም፣ ድምር።

የመጨረሻውን ዓምድ፣ ኤፍን፣ እባክዎ አይዝለሉት። ርእሰ መምህሩ «አምስት ዓመት ከቆዩ ይከፈልዎታል» ተብሎ በየዓመቱ 40,000 ዶላር ተቀምጦላቸው ከነበረ፣ በየዓመቱ እንደተቀመጠ ተዘግቧል። በአምስተኛው ዓመት 200,000ው ሲለቀቅ እንደገና በሙሉ ይወጣል። ኤፍ ይህን ሁለቴ የተቆጠረ ገንዘብ ይነግርዎታል፤ ከድምሩ ይቀንሱት። በትምህርት ቤት ዋትስአፕ ላይ ከሚዞሩት «ግማሽ ሚሊዮን ወሰዱ» ከሚሉ መልእክቶች ስንቱ ከዚህ ዓምድ መዘለል እንደሚወለድ እግዜር ይወቀው።

በመጨረሻ ክፍል 6 መስመር 15ን ይዩ፦ የዋናው ኃላፊ ክፍያ ገለልተኛ በሆኑ ሰዎች፣ በንጽጽር መረጃና በቃለ ጉባኤ ተደግፎ ተወስኗል ወይ ብሎ ይጠይቃል። «አይደለም» የሚል መልስ ከትልቅ ደመወዝ የበለጠ ሊያሳስብዎት ይገባል።

ጥቅሉን ያስሉ

የቦርድ ሰብሳቢ «ርእሰ መምህራችን 240 ሺህ ነው የሚያገኙት» ሲል መነሻውን ብቻ ማለቱ ነው። የምሳሌያችን ትምህርት ቤት እውነተኛ ወጪ ይህን ይመስላል፦

መነሻ ደመወዝ 240,000
የቤት አበል 48,000
የጡረታ መዋጮ፣ 8 በመቶ፣ 19,200
የቤተሰብ የጤና መድን 22,000
የሁለት ልጆች የትምህርት ክፍያ ምሕረት 56,000
መኪና 9,000
ድምር 394,200 ዶላር

በዚህ ላይ አሠሪው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ አለ። 394,200 ዶላር ከጠቅላላ ወጪው 4.7 በመቶ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ካለው የ42 ቀን ገንዘብ ውስጥ ከ18 ቀን በላይ የሚሆነውን ይይዛል። የትምህርት ክፍያ ምሕረቱ ከባንክ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም፤ ከፋይ ተማሪ በወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ይችል ከነበረ ግን የጠፋ ገቢ ነው። ክፍሎቹ ባዶ ከሆኑ ወጪው ዜሮ ሊባል ይችላል። ይህን ከሁለቱም ወገን ሆነው ሳያስቡ በክርክር ላይ አይጠቀሙበት።

ሕጉ የሚለው፣ የማይለውም

ከ1996 ጀምሮ የፌዴራል ግብር ሕግ አንቀጽ 4958 ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ውስጥ ተፅዕኖ ያለው ሰው ካገለገለው በላይ ሲከፈለው ቅጣት ይጥላል። ትርፍ የተባለው ክፍያ ላይ ተቀባዩ 25 በመቶ ይቀጣል፤ ገንዘቡንም ከነወለዱ መመለስ አለበት። በጊዜው ካልመለሰ የትርፉን 200 በመቶ ተጨማሪ ቅጣት ይከፍላል። ትርፍ መሆኑን እያወቁ ያጸደቁ የቦርድ አባላትም 10 በመቶ ይቀጣሉ፤ ጣሪያው በአንድ ክፍያ 20,000 ዶላር ነው። ትርፉ 60,000 ከሆነ ርእሰ መምህሩ 15,000፣ አጽዳቂዎቹ በአንድነት 6,000 ዶላር ይከፍላሉ ማለት ነው።

ሕጉ የማይለውን ደግሞ እንናገር። ትምህርት ቤቱ ስለከሰረ ብቻ ከፍተኛ ክፍያ ሕገ ወጥ አይሆንም። መለኪያው ተመሳሳይ ድርጅት ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፍለው ነው። እንዲያውም ከገደል አፋፍ የሚመልስ ሰው ከሌላው ሊበልጥ የሚችል ዋጋ ይጠይቃል፤ ማንም ደህና ሰው የሚሰምጥ መርከብ ላይ በቅናሽ አይሳፈርም። ከውጭ አዲስ ሲቀጠሩ በመጀመሪያው ውል የተወሰነ ቋሚ ክፍያም ከዚህ ቅጣት ውጭ ነው፤ ውሉ ሲታደስ ወይም በዋና ነገሩ ሲለወጥ ግን ከለላው ያበቃል።

ቦርዱ ሦስት ነገሮችን ካሟላ ክፍያው ተገቢ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የማስረዳት ሸክሙም ወደ አይ አር ኤስ ይዞራል። አንደኛ፣ የወሰኑት ሰዎች የጥቅም ግጭት የሌለባቸው መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፣ የንጽጽር መረጃ ከውሳኔው በፊት መታየት አለበት። ሦስተኛ፣ ውሳኔውና ምክንያቱ በጊዜው መጻፍ አለባቸው፤ ጊዜው እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ወይም ከውሳኔው በኋላ 60 ቀን፣ የዘገየው ነው።

በንጽጽሩ ላይ ነው ቦርዶች በብዛት የሚሳሳቱት። ዝርዝሩን ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ወይም ፀሐፊያቸው እንዲያመጡ አይፍቀዱ፤ ሁልጊዜ ከፍ ያሉት ትምህርት ቤቶች ይመረጣሉ። በተማሪ ብዛት፣ በበጀት፣ በክፍል ደረጃና በአካባቢ የሚቀራረቡ ከ8 እስከ 12 ትምህርት ቤቶች ይምረጡ፤ ከእነሱም ውስጥ ሦስት ወይም አራቱ እንደ እናንተ ጉድለት ላይ ያሉ ይሁኑ። የሁሉም ቅጽ 990 በነፃ ይገኛል። የብሔራዊ ገለልተኛ ትምህርት ቤቶች ማኅበር አባል ከሆናችሁ የማኅበሩን የደመወዝ መረጃም ጨምሩ። ቁጥሮቹ ያረጁ ስለሆኑ በዓመት 3 በመቶ ገደማ ጨምራችሁ ወደ ዛሬ አምጧቸው፤ ጥቅልን ከጥቅል ጋር እንጂ መነሻን ከጥቅል ጋር አታወዳድሩ። ዓመታዊ ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ትንሽ ትምህርት ቤት ሦስት ንጽጽር ይበቃል።

«ከአማካዩ ከፍ እንክፈል» የሚለው ልማድ ደግሞ ራሱን የሚያሳድግ ነገር ነው። ሁሉም ከመካከለኛው በላይ ሲከፍል መካከለኛው በየዓመቱ ይወጣል። ጉድለት ላይ ያለ ትምህርት ቤት ከመካከለኛው በላይ ለመክፈል በቃለ ጉባኤ የሰፈረ የተለየ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ቃለ ጉባኤው የተወሰነውን ክፍያ ከነጥቅማጥቅሙ፣ ቀኑን፣ የተገኙትን፣ ድምፅ የሰጡትን፣ መረጃው ከየት እንደተገኘ፣ በጥቅም ግጭት የወጣ ካለም ስሙን ይያዝ። ርእሰ መምህሩ ገብተው ጥያቄ ሊመልሱ ይችላሉ፤ ውይይትና ድምፅ ሲሰጥ ግን ክፍሉ ውስጥ አይኖሩም።

ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ የታወቀ ጉዳይ በሎንግ አይላንድ የሚገኘው የአዴልፊ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1990ዎቹ የተማሪው ቁጥር እየወረደ ሳለ ፕሬዚዳንቱ ፒተር ዲያማንዶፑሎስ ከነጥቅማጥቅማቸው በዓመት ከ500,000 ዶላር በላይ ያገኙ ነበር፤ በአገሪቱ ከፍተኛ ተከፋይ ከነበሩት ፕሬዚዳንቶች አንዱ ነበሩ። ከባለአደራዎቹ መካከል ራሳቸው ከፍተኛ ተከፋይ የነበሩት የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ጆን ሲልበር ይገኙበታል። በፌብሩዋሪ 1997 የኒው ዮርክ ግዛትን ትምህርት የሚቆጣጠረው የሬጀንቶች ቦርድ ከ19ኙ ባለአደራዎች 18ቱን አነሳ። የሌላ ትምህርት ቤት ኃላፊን የክፍያ ኮሚቴ ውስጥ ማስቀመጥ በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን የራሱ ደመወዝ በእናንተ ቁጥር ከፍ የሚል ሰው ገለልተኛ ዳኛ አይሆንም።

መቀነስ ሲያስፈልግ

የሥራውን ቅደም ተከተል ቀን ይዞ ማስኬድ ይሻላል። ኦዲቱ በኦክቶበር ይደርሳል፤ የንጽጽር መረጃው በኖቬምበር ይሰበሰብ፤ የርእሰ መምህሩ ክፍያ በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ፣ የትምህርት ክፍያው ከመወሰኑና የመምህራን ውል ከመውጣቱ በፊት፣ ይወሰን። የመምህራን ደመወዝ ቆሞ ከታወጀ በኋላ በማርች የርእሰ መምህሩን ውል የሚያድስ ቦርድ ምንም ቢወስን የሚያምነው አያገኝም።

ከጥቅማጥቅሙ ጀምሩ። በምሳሌያችን መኪናው 9,000 ነው። ሌላው ሠራተኛ 5 በመቶ ጡረታ እያገኘ ለርእሰ መምህሩ 8 በመቶ የሚከፈል ከሆነ ሦስቱ በመቶ 7,200 ዶላር ነው። መነሻው በ10 በመቶ ሲቀነስ 24,000፣ በዚያ ላይ በ5 በመቶ የሚታሰበው ጡረታ 1,200 ይተርፋል። ድምሩ 41,400 ዶላር፣ ከሁለት ቀን ያነሰ ወጪ ነው። የበጀት ጉድለቱ 650,000 ከሆነ ይህ የሚሸፍነው 6.4 በመቶውን ብቻ ነው። እውነቱን መነገር አለበት፦ የአንድ ሰው ደመወዝ መቀነስ ትምህርት ቤት አያድንም። 4,200,000 ዶላር የሚሆነውን የመምህራን ደመወዝ ከ3 በመቶ ጭማሪ ማገድ ግን 126,000 ያተርፋል፤ ይህን መምህራን የሚቀበሉት ከላይ ያለው ሰው ቀድሞ፣ በመቶኛም በልጦ ሲቀንስ ነው።

ውል በመካከል ላይ ካለ ቦርዱ ብቻውን መቀነስ አይችልም፤ ሁለቱም የሚፈርሙበት ማሻሻያ ያስፈልጋል። የተሠራበትን ወር ወደ ኋላ ተመልሶ መቀነስ አይቻልም። በሜሪላንድ የደመወዝ ቅናሽ ቢያንስ ከአንድ የክፍያ ጊዜ በፊት መነገር አለበት።

«አሁን ቀንሰን፣ ሁኔታው ሲሻሻል እንከፍልዎታለን» የሚለው የደግ ሰው ሐሳብ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ የቃል ወይም የደብዳቤ ስምምነት ለወደፊት የተዘገየ ክፍያን የሚገዛውን የግብር ሕግ አንቀጽ 409ኤን ሊጥስ ይችላል፤ መዘዙ ርእሰ መምህሩ ላይ ይወድቃል፦ ተጨማሪ 20 በመቶ ግብርና ወለድ። ክፍያን ማዘግየት የግድ ከሆነ ውሉን የግብር ጠበቃ ይጻፈው። በ457ቢ ሂሳብ (ክፍያ ለወደፊት በሚቀመጥበት ሂሳብ) ውስጥ ያለ ገንዘብም ትምህርት ቤቱ ቢከስር ለአበዳሪዎች የተጋለጠ መሆኑን ርእሰ መምህሩ ይወቁ።

ቀሪውን በውጤት ላይ የተመሠረተ ማድረግ ይቻላል፤ ውጤቱን ግን በጥንቃቄ ምረጡ። «በተማሪ ቁጥር» ብትሉ ቁጥሩ በቅናሽ ይሞላል። የትምህርት ክፍያው 28,000 ሆኖ 20 ተማሪ በ60 በመቶ ቅናሽ ቢገባ የሚገኘው 560,000 ሳይሆን 224,000 ነው፤ ተጨማሪ መምህር ካስፈለገ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መለኪያው ከድጋፍ በኋላ በእጅ የገባ የትምህርት ክፍያ፣ የነባር ተማሪዎች መመለስና የጥሬ ገንዘብ ቀናት ይሁን፤ ለምሳሌ ከ42 ወደ 60። ቦነሱ በዶላር ጣሪያ ይኑረው፤ ከገቢ ላይ በመቶኛ ያለ ጣሪያ መስጠት የአይ አር ኤስን ዓይን ይስባል። ኦዲት ሳያልቅ አይከፈል፤ የበጀት ዓመቱ በጁን የሚዘጋ ከሆነ እስከ ማርች 15 መክፈል ከ409ኤ ጣጣ ይጠብቃል።

የስንብት ክፍያን በሰላሙ ጊዜ ጻፉት። ከስድስት ወር ያልበለጠ፣ ሌላ ሥራ ሲገኝ የሚቀንስ ቢሆን ጥሩ ነው። ርእሰ መምህሩን ለማሰናበት የሁለት ዓመት ደመወዝ መክፈል ያለበት የደከመ ትምህርት ቤት፣ ላለመክፈል ሲል ሳያሰናብት የባሰ ይደክማል።

ሳይታሰቡ የሚያጠምዱ ሦስት ነገሮች

ቤት። ርእሰ መምህሩ በግቢው ውስጥ፣ ለሥራው ሲባል፣ በቅጥር ግዴታ የሚኖሩ ከሆነ ቤቱ ታክስ ላይኖረው ይችላል፤ ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ከግቢ ውጭ በጥሬ የሚሰጥ የቤት አበል ግን ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው። በደብልዩ ቱ ላይ ካልወጣና በውልም እንደ ክፍያ ካልተመዘገበ፣ ጥቅሉ ተገቢ ቢሆን እንኳ አበሉ በሙሉ እንደ ትርፍ ክፍያ ሊቆጠር ይችላል።

የልጆች ትምህርት ክፍያ። መምህራን 50 በመቶ ምሕረት እያገኙ ርእሰ መምህሩ 100 በመቶ ካገኙ ከፍተኛ ተከፋይ በመሆናቸው ጥቅሙ ታክስ የሚከፈልበት ይሆናል። ለሁሉም በእኩል ደንብ መስጠት ርካሹ መፍትሔ ነው።

ከደመወዝ የተቆረጠ ግብር። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘገየው ከሠራተኛ ተቆርጦ ለአይ አር ኤስ መላክ ያለበት ገንዘብ ነው፤ ማንም አይጮህም፣ መብራትም አይጠፋም። ይህን ገንዘብ እያወቁ ለሌላ ዕዳ ያዋሉ ኃላፊዎች በአንቀጽ 6672 መሠረት ያልተላከውን ሙሉ መጠን ከግል ኪሳቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። ያለ ክፍያ የሚያገለግል፣ በዕለት ሥራ የማይገባና ያላወቀ የቦርድ አባል ከለላ አለው፤ ካወቀ ግን የለውም። የክፍያ ኮሚቴ አባል ከሆኑ በየሩብ ዓመቱ ግብሩ ስለመላኩ ማረጋገጫ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ወላጅ ከሆኑ

ስለ ሰው ደመወዝ መጠየቅ ነውር የሚመስለን ብዙ ነን። እዚህ ግን ሕጉ ራሱ ወረቀቱን ከፍቶታል፦ ትምህርት ቤቱ የቅርብ ሦስት ዓመት ቅጽ 990ዎችን ለጠየቀ ሁሉ ማሳየት አለበት፤ በአካል ለጠየቀ በዕለቱ፣ በጽሑፍ ለጠየቀ በ30 ቀን ውስጥ ቅጂ ይሰጣል። የኦዲት ሪፖርቱን ግን የፌዴራል ሕግ እንዲያሳዩ አያስገድዳቸውም፤ በትሕትና ይጠይቁ።

ለቦርድ ሰብሳቢው ሲጽፉ የርእሰ መምህሩን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ክፍያው በመጨረሻ የተወሰነው መቼ ነው? በንጽጽሩ ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት ነበረ፣ ከእነሱስ ስንቱ ጉድለት ላይ ነው? ዘንድሮ ስንት የጥሬ ገንዘብ ቀን አለ? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ግልጽ መልስ የሚሰጥ ቦርድ ብዙውን ጊዜ ሥራውን ሠርቷል። ሂሳብ ሹሙን ወይም መምህራንን በጎን መጠየቅ ሥራቸውን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል ይተዉት።

ምላሽ ካጡና የያዙት ማስረጃ ከባድ ከሆነ የአይ አር ኤስ ቅጽ 13909 የቅሬታ ማቅረቢያ ነው፤ የበቀል ሥጋት ካለብዎት ስምዎ እንዳይገለጽ የሚጠይቁበት ሳጥን አለው። አይ አር ኤስ ምርመራ ይክፈት አይክፈት፣ ምን ላይ እንደደረሰም አይነግርዎትም፤ የግብር ምስጢር ሕጉ ይከለክለዋል። ቦርዱ አደራውን ስለመጠበቁ የሚጠይቀው የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ደብዳቤውን ለሁለቱም ይላኩ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ።